ካንዴላ ከመግዛትዎ በፊት

ጎንደር ከተማ ውስጥም ሆነ ወደ ዳባትና ደባርቅ ባለው ደጋ፣ ሞተሩ መቆራረጥ የጀመረበት ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ካንዴላ ቀይር።» ክፉ ምክር አይደለም። ካንዴላ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፣ አንዳንዴም ችግሩ እዚያው ነው። አዲሱ ካንዴላ ገብቶም መቆራረጡ ካልተወ ግን «ቦቢናው ነው»፣ «አይ፣ ካርቡሬተሩ ነው» እየተባለ ኪስ ይራቆታል። ዕቃ ከመለወጥ በፊት መጠየቅ ያለበት ሞተሩ የሚቆራርጠው የት፣ መቼና ምን ያህል ነዳጅ ሲሰጡት እንደሆነ ነው።

እንደ ያማሃ ዲቲና ኤጂ ያሉት የቆዩ ሞተር ሳይክሎች ባለ አንድ ሲሊንደር ናቸው። ብልሽቱን መዝግቦ የሚናገር ኮምፒውተር የላቸውም፤ በዓይንና በጆሮ መመርመር የግድ ነው። ሞተር የሚቆራርጠው ሲሊንደር ውስጥ የገባው የአየርና የቤንዚን ድብልቅ በወጉ ሳይቃጠል ሲወጣ ነው። በወጉ እንዲቃጠል በሰዓቱ የሚደርስ ብርቱ እሳት፣ ልኩን የጠበቀ ድብልቅና በደንብ የሚያምቅ ሲሊንደር ያስፈልገዋል። ልኩ ሲባል ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ገደማ አየር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ደጋው ጣልቃ ይገባል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ገደማ። የደባርቅ የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ30 በመቶ ያህል ያንሳል። የቆየ ካርቡሬተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቆላ ላይ የለመደውን ያህል ቤንዚን መስጠቱን ይቀጥላል። መተማ ላይ ሲበር የነበረ ሞተር ጎንደር ሲደርስ ዳገት ላይ የሚከብደው፣ ጥቁር ጭስ የሚተፋውና ነዳጅ ሲሰጡት የሚንተባተበው በዚህ ነው። ያልተበላሸ ካንዴላ አውጥቶ መጣልም የሚጀመረው ከዚህ ነው።

ስለዚህ ካንዴላውን ከመጣልዎ በፊት ያንብቡት። ዳገት ላይ ጥቂት ነድተው፣ ነዳጅ እንደሰጡት ፍሪሲዮን ይዘው ሞተሩን ያጥፉ፤ ሲበርድ ካንዴላውን ይፍቱ። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል ወይም የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኗል። የፒስታ መንገድ ለሚነዳ ሰው ፊልትሮውን ማራገፍ የመጀመሪያ ሥራ ሊሆን ይገባል። ጫፉ ከነጣ ቤንዚን አንሷል፤ ይሄ የበለጠ ያስፈራል። በዘይት የራሰ ከሆነ ደግሞ ባለ አራት ምት ሞተር ላይ የፒስተን ቀለበት ወይም የቫልቭ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ ካንዴላው አሁንም ከጠቆረ ካርቡሬተሩን ለደጋው ማስተካከል ነው። በብዙዎቹ የቆዩ ካርቡሬተሮች ውስጥ ያለው መርፌ አናቱ ላይ ጭረቶች አሉት፤ ትንሿን ክሊፕ አንድ ጭረት ወደ ላይ ማውጣት መርፌውን ዝቅ ያደርገዋል፣ ቤንዚኑም ይቀንሳል። ይሄ የሚሠራው ግማሽ ያህል ነዳጅ ሲሰጡ ነው። ሙሉ ሲሰጡ ብቻ የሚቆራርጥ ከሆነ ዋናውን የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ በአንድ ቁጥር ማሳነስ ያስፈልጋል። በሚኒሞ ብቻ ከሆነ የትንሿን ቀዳዳ መደፈን ይጠርጥሩ። የቀነሰውን ጉልበት ሁሉ ግን የትኛውም መካኒክ አይመልስልዎትም፤ የጎደለው አየር ነው።

ነዳጁንም ይመርምሩ። ወረፋ ሲበዛ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ውሃ ሊኖርበት ይችላል። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ቡሎን ከፍተው ጥቂት በጠራ ጠርሙስ ይቀበሉ፤ ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ እንደ ድቡልቡል ጠብታ ይታያል። አንድ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፦ የሳልባታዮው ክዳን መተንፈሻ። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ሞተሩ ለተወሰነ ደቂቃ ደህና ሄዶ ቀስ በቀስ እየደከመ ይጠፋል። ክዳኑን ከፍተው አየር ሲገባ ሰምተው፣ ሞተሩም ወዲያው ከተነሣ ምርመራው አልቋል።

እንዲህ እየደከመ የሚሞት ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ አጥሮት ነው። በድንገት ቀጥ ብሎ መልሶ የሚነሣ ከሆነ ኤሌክትሪኩን ይያዙ። ካንዴላውን ፈትተው ገመዱ ላይ ይሰኩት፣ የብረት አካሉን የሞተሩ ብረት ላይ ያስደግፉና ፔዳሉን ይርገጡ፤ ጠንካራ ሰማያዊ እሳት መታየት አለበት። በእጅዎ አይያዙት፣ ካንዴላው ከወጣበት ቀዳዳም ያርቁት፤ ከዚያ የሚወጣው የቤንዚን እንፋሎት በቀላሉ ይቀጣጠላል። ሜዳ ላይ የሚታይ እሳት ሲሊንደር ውስጥ ባለው ግፊት ሊጠፋ እንደሚችልም አይዘንጉ። ደካማ እሳት ሲባባስ መጀመሪያ የሚታየው ዳገት ላይ፣ በከባድ ማርሽ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ብቻ የሚቆራርጥ ሞተር ካለዎት ማታ በጨለማ አስነሥተው የካንዴላውን ገመድና ቆብ ይመልከቱ፤ ስንጥቅ ካለ ሰማያዊ እሳት ሲያፈተልክ ያያሉ። ሲሞቅ ጠፍቶ ሲበርድ የሚነሣ ከሆነ ቦቢናው ላይ ያለው ጥርጣሬ ይበረታል። ባለ አራት ምት ከሆነ ግን ቦቢና ከመግዛትዎ በፊት የቫልቩን ክፍተት ያስለኩ፤ ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ ሲሞቅ በደንብ አይዘጋም።

የደጋ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ አደጋ ይቀራል። ለደባርቅ የተስተካከለ ካርቡሬተር የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርዶ ቆላው ዛሪማ ሲደርስ ቤንዚን ያንሰዋል። አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱም ብርቱ ነው፤ በዚህ ላይ በሙሉ ፍጥነት የተነዳ ፒስተን ሊነክስ ወይም ሊበሳ ይችላል። ቆላ ለመክረም ከሆነ ክሊፑን ወደ ቦታው ይመልሱ፣ ቀዳዳውንም ቀይረው ከነበረ እንደዚያው። ዲቲን በመሰሉ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ደግሞ የዘይቱ መጠን ከነዳጁ ጋር አብሮ ይቀንሳል። ሊማሊሞን ነዳጅ ዘግተው በማርሽ ብቻ ከወረዱ ሞተሩ በቂ ዘይት ሳያገኝ ይሽከረከራል። በየጥቂት ኩርባው ፍሪሲዮን ይዘው ጥቂት ነዳጅ ይስጡት፤ ከአዲስ ፒስተን ይረክሳል።