ስለ ውጭ አገር ጉዳይ ሕዝብ እንዴት መነጋገር እንደሚገባው

በሰንበቴና በማኅበር፥ በዕድርም ስፍራ ሰዎች በተሰበሰቡ ጊዜ፥ መንግሥት ከውጭ አገር መንግሥታት ጋር ስለሚያደርገው ነገር መጨዋወት አይቀርም። ይህም መልካም ነው፤ የውል ጥቅሙም ሆነ ጉዳቱ በመጨረሻ የሚደርሰው በገበሬው እርሻና በልጁ ሕይወት ላይ ነውና። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጨዋታው የሚነሣው ከወሬ ነው እንጂ ከተጻፈው ቃል አይደለም። የተጻፈ ቃል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማስረዳት ከውጫሌ ውል የሚበልጥ ምሳሌ የለንም።

ዳግማዊ ምኒልክ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ሲዋዋሉ ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጻፈ። የ17ኛው ክፍል አማርኛ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከኤውሮጳ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት ረዳትነት መላላክ «ይቻላቸዋል» የሚል ነበር። ኢጣልያንኛው ግን በዚያው መንግሥት በኩል ለመላላክ «ተስማምተዋል» ይል ነበር። የሚቻለውን ነገር ቢተዉት ነውር የለበትም፤ የተስማሙበት ግን ግዴታ ይሆናል። በዚህች በአንዲት ቃል ምክንያት ኢጣልያ በ1882 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ስትል ለመንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ ዘውድ መጫናቸውን ለነገሥታቱ ጽፈው ነበርና፥ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ መላላኩ በኢጣልያ በኩል ይሁን የሚል ሆነ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1885 ዓ.ም. ውሉን መተዋቸውን አስታወቁ፤ ነገሩ ግን በቃል ሳያልቅ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ በጦር ተቆረጠ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ውል የውጫሌው ተሻረ፤ የኢትዮጵያም ፍጹም ነጻነት ታወቀ።

ዛሬም ስለ ዓባይ ስንነጋገር ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልገናል። በ1952 ዓ.ም. ግብፅና ሱዳን ውሃውን ለሁለታቸው ሲካፈሉ፥ ለግብፅ 55.5፥ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሲመድቡ፥ ኢትዮጵያ በውሉ ውስጥ አልነበረችም፤ ስለዚህ ያልፈረመችውን አፈረሰች ብሎ መክሰስ አይገባም። መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. በካርቱም የተፈረመው የመርሕ መግለጫ ግን የሦስቱም መንግሥታት ነው። በዚያ ውስጥ ውሃን በፍትሕና በአግባቡ መጠቀም አንድ መርሕ፥ ጉልህ ጉዳት አለማድረስ ደግሞ ሌላ መርሕ ሆኖ ተጽፎአል። «ጉልህ» የሚለው ቃል ባይኖር ኖሮ ጥቂት ውሃ መጉደሉ እንኳ እንደ በደል በተቆጠረ ነበር። እንግዲህ በስብሰባ አንዱ «ምንም ጉዳት ላናደርስ ፈርመናል» ቢል፥ ሌላውም «ከቶ አልፈረምንም» ቢል፥ ሁለቱም ከጽሑፉ ርቀዋል።

ስለዚህ መምህሩ ጽሑፉን በእጁ ሳይዝ ጉባኤ ባይጠራ ይሻላል። ክፍሉን ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ ያንብብ፤ ዳኛ ግን አይሁን። እንደ ልማዳችን አስቀድሞ የሚናገሩት ሽማግሎች ናቸው፤ እኔ ግን በእንዲህ ያለ ነገር ሴቶችና ወጣቶች ቢቀድሙ እመርጣለሁ፤ ሽማግሌ ከተናገረ በኋላ ደፍሮ የሚቃወም በአገራችን ጥቂት ነውና። ያልተመለሰው ጥያቄ በመዝገብ ተጽፎ ለሚመጣው ስብሰባ ይቆይ።

በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት አስፈጻሚው የተዋዋለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የማጽደቂያው ዐዋጅ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል፤ ጋዜጣውን ያቋቋመው የ1987 ዓ.ም. ዐዋጅ እንደሚለው አማርኛውና እንግሊዝኛው ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ይህ ግን ስለ ዐዋጁ እንጂ ስለ ውሉ አይደለም። በውሉ የትኛው ቋንቋ እንደሚጸና አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በመጨረሻው ክፍል ነውና፥ ንባቡ ከዚያ ቢጀመር ይጠቅማል።