የደጋው እንግዳ አሳ

እኛ ኮኪት ላይ አሳ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን ከጣና ተነሥቶ በጎንደር መንገድ ወደ ሱዳን የሚያልፈው የአሳ ቋንጣ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ጓንግ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ወንዙ ይቆራረጥና ኩሬ ኩሬ ይሆናል። አምባዛ ግን ብቅ እያለ አየር ይስብና ክረምት እስኪገባ ይጠብቃል። ዛሬ የማስተዋውቃችሁ አሳ በዚያ ኩሬ ውስጥ አንድ ቀን አይቆይም። ስሙ ትራውት ነው። ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ያለ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየተጋጨ አየር የሚጠግብ ውሃ ይወዳል፤ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃል።

ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ትራውት በተፈጥሮ አልነበረም። ቀስተ ደመና የሚባለው ዝርያ አገሩ የሰሜን ፓስፊክ ዳርቻ ነው፤ ቡናማው በዋናነት የአውሮፓ ነው። እንግሊዞች በመንጠቆ ማጥመድን ስለሚወዱ ወደ ኬንያ ተራሮች አመጡት። ከኬንያ ደግሞ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ባሌ ተራሮች ገባ፤ እነ ዌብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ ተለቀቀና ቀረ። ዛሬ ቀይ ቀበሮ ለማየት ዲንሾ የሚወጣ እንግዳ መንጠቆ ይዞ ወንዝ ዳር ቢቆም የሚይዘው እሱን ነው።

ምን ይበላል? ትራውት በዓይኑ የሚያድን አሳ ነው። ፊቱን ወደ ላይኛው የውሃ ፍሰት አዙሮ ባለበት ይቆማል፤ ውሃው የሚያመጣለትን እያየ ይለቅማል። ሆዱ ሲከፈት የሚገኘው ብዙውን ጊዜ የነፍሳት እጭ ነው፤ ከነዚህ መካከል አሸዋና የእንጨት ስብርባሪ በምራቋ አጣብቃ፣ እንደ ጎጆ ለብሳው የምትኖረው እጭ አለች። ትራውት ከነጎጆዋ ይውጣታል፤ ስለዚህ ሆዱ ውስጥ የአሸዋ ቅንጣት ይገኛል። ክንፍ አውጥተው ውሃ ላይ የሚያርፉ ነፍሳት፣ ቀንድ አውጣ፣ ትንንሽ አሳ፣ ገና ጭራቸው ያልጠፋ የእንቁራሪት ልጆችም ምግቡ ናቸው። ሲያድግ የራሱን ዘር ሳይቀር ይበላል።

ትራውት ባልነበረበት ውሃ ሲለቀቅ የሚያደርሰው ጉዳት በግልጽ የታየው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ነው። የዚያ ሐይቆች አብዛኞቹ ከፏፏቴ በላይ ስለሆኑ አሳ ደርሶባቸው አያውቅም ነበር። ሰዎች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ትራውት በበቅሎ ጭነው አወጡ፤ በኋላም ከአውሮፕላን አዘነቡት። እግራቸው ቢጫ የሆነ የዚያ ተራራ እንቁራሪቶች ልጆቻቸው ውሃ ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያሉ፤ የብርዱን ወራት ለማለፍም በረዶ እስከ ታች የማይደርስበት ጥልቅ ሐይቅ ይፈልጋሉ። አሳው የተለቀቀው እዚያው ጥልቁ ውስጥ ነበር። እንቁራሪቶቹ ከሐይቅ ሐይቅ ጠፉ። እኔን ከሁሉ የገረመኝ የወፏ ነገር ነው፤ ከውሃው የሚወጡትን ነፍሳት ለቅማ ጫጩቶቿን የምትመግብ የተራራ ወፍ ትራውት ባለበት ሐይቅ ዳር ቁጥሯ በጣም አንሶ ተገኘ። ውሃ ውስጥ የገባው አፍ የየብሱን ጎጆ አስራበ። በኋላ ተመራማሪዎች ከአንዳንድ ሐይቆች አሳውን በመረብ ጠርገው ሲያወጡ እንቁራሪቶቹ በጥቂት ዓመታት ተመልሰው በዙ።

ባሌም በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ እንቁራሪቶች አገር ነው። ስለዚህ የትራውት ጉዳይ እዚያ ከመንጠቆ ጨዋታ በላይ ሊታይ ይገባዋል እላለሁ።

እንግዳ አሳ ከተለቀቀባቸው ውሃዎች ከኛው ክልል ደግሞ «ሐይቅ» የሚባለው ሐይቅ አለ። ወሎ ውስጥ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው፣ የእስጢፋኖስ ገዳም የሚታይበት ሐይቅ ማለቴ ነው። በ1978 (እ.ኤ.አ.) ቆሮሶ ተለቀቀበት። ቆሮሶ እንደ ትራውት አዳኝ አይደለም፤ ሲያድግ ይበልጡን አልጌ ይበላል። ጫጩቶቹ ግን ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉትን በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ጥቃቅን እንስሳት ይለቅማሉ። እነዚያ እንስሳት የሐይቁ አጫጆች ነበሩ፤ አልጌውን እየጋጡ ውሃውን ጥርት አድርገው ያቆዩት ነበር። በ1992 (እ.ኤ.አ.) ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት ቀድሞ ጥርት ይል የነበረው ውሃ አልጌ በዝቶበት መደፍረሱን ገለጹ፤ የአሳው መግባትንም በምክንያትነት ጠረጠሩ። ዛሬ የሐይቅ አጥማጅ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በዚያው ቆሮሶ ነው፤ አሳው ይውጣ የሚል ሰው እሱን ምን እንደሚያበላው አብሮ ማሰብ አለበት። ከባዱም ነገር ይኸው ነው፤ ሲለቀቅ አንድ ቀን ይበቃል፣ ሊመለስ ሲባል ግን ኑሮ ተመሥርቶበት ይገኛል።

ትራውት ኮኪት አይመጣም፤ ሙቀቱ ይጠብቀናል። ቆሮሶና ሌላ ቆላ የሚችል አሳ ግን በኩሬ ሊረባ ይችላል፤ ጥሩ ምግብም ይሆናል። ታዲያ ኩሬው የሚቆፈርበት ቦታ ከጎርፍ መውረጃ መራቁን ሳያረጋግጡ ጫጩት ማፍሰስ አያስኬድም። ሐምሌ ላይ ኩሬው ከሞላና ግድቡ ከተደረመሰ አሳው ጓንግ ይገባል፤ ጓንግ ድንበር ሲሻገር አትባራ ይባላል፣ አትባራም የሚቀላቀለው ከናይል ነው።