ለአነስተኛ፣ ለጀማሪና ለወጣት ገበሬዎች በመንግሥት ድጋፍ የሚሰጥ ብድር፤ አሠራሩና አያያዙ

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

የምርምር ማዕከሎች የሚያወጡት የተሻሻለ ዘር፣ የማዳበሪያ መጠንና የአደላለብ ዘዴ በገበሬው ማሳና በረት ላይ ካልደረሰ ጥቅም የለውም። እዚያ እንዳይደርስ ከሚያግዱት ምክንያቶች አንዱ ገንዘብ በሚያስፈልግበት ጊዜ አለመገኘቱ ነው። ገበሬው ለዘርና ለማዳበሪያ ገንዘብ የሚያስፈልገው በግንቦትና በሰኔ ሲሆን በዚህ ወቅት ጎተራው ባዶ ነው። ምርቱ የሚገባው ግን ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በመካከሉ ያለውን ጊዜ ለማለፍ ወይ ከብት ይሸጣል፣ ወይ ከአራጣ አበዳሪ ይበደራል፣ ወይ ያለ ግብዓት ይዘራል።

በመንግሥት ድጋፍ የሚሰጥ ብድር ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነው። በአግባቡ ከተያዘ ቤተሰብን ያቋቁማል፤ በአግባቡ ካልተያዘ ደግሞ የነበረውን በሬ ያሸጣል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የብድሩን አሠራር፣ ካለፈው የተገኘውን ትምህርት፣ እንዲሁም የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና ማኅበሩ ሊያደርጉት የሚገባውን በአጭሩ እናስረዳለን።

1. የመንግሥት ድጋፍ ማለት ምን ማለት ነው?

የመንግሥት ድጋፍ በሦስት ዓይነት መንገድ ይሰጣል።

ሀ) ዋስትና፦ ገንዘቡን የሚያበድረው ባንክ ሲሆን መንግሥት ዋስ ይሆናል። ተበዳሪው ባይከፍል ባንኩ ገንዘቡን ከዋሱ ይቀበላል።

ለ) ተዘዋዋሪ ገንዘብ፦ መንግሥት ገንዘብ መድቦ በአበዳሪ ድርጅቶች በኩል ያሰራጫል። የተመለሰው ገንዘብ ተመልሶ ለሌላ ተበዳሪ ይሰጣል።

ሐ) ሕግ፦ መንግሥት ራሱ ገንዘብ ሳያወጣ አነስተኛ ገበሬ ያለውን ንብረት በመያዣነት ለማቅረብ እንዲችል ሕግ ያወጣል።

በሦስቱም መንገዶች የተወሰደው ገንዘብ ዕዳ ነው። «የመንግሥት ገንዘብ ነው፤ ይሰረዛል» የሚለው አስተሳሰብ በየቦታው ስለሚሰማ ከብድሩ በፊት በግልጽ መታረም አለበት። ዋስትና የሚጠብቀው አበዳሪውን እንጂ ተበዳሪውን አይደለም።

2. ካለፈው ምን እንማራለን?

በአገራችን ለአነስተኛ ገበሬዎች የግብዓት ብድር በስፋት መሰጠት የጀመረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአርሲ በጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) በስዊድን መንግሥት ዕርዳታ ነበር። ማዳበሪያና የተሻሻለ ስንዴ ምርቱን በእርግጥ ከፍ አደረጉት። ነገር ግን መሬቱ የባለርስት ስለነበረ እርሻው ትርፍ ማስገኘቱ ሲታወቅ ባለርስቶች በትራክተር ለማረስ ብዙ ጭሰኞችን አስነሡ። ከዚህ የምንማረው ብድር ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። በመሬቱ የመጠቀም መብቱ ያልተረጋገጠለት ገበሬ የብድሩን ፍሬ ሌላ ሊወስድበት ይችላል።

ከየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ የጭሰኝነት ሥርዓት ቀረ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የኤክስቴንሽን ፓኬጅ ሲስፋፋ ደግሞ ክልሎች ዋስ እየሆኑ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የግብዓት ብድር እንዲሰጥ ተደረገ። ገበሬው መሬቱን በመያዣነት ማቅረብ ስለማይችል ባንኩ በቀጥታ ሊያበድረው አይችልም ነበር። በዚህ ዘዴ ማዳበሪያ ብዙ ገበሬ ዘንድ ደረሰ።

ሆኖም በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ምርት በዝቶ ዋጋው እጅግ ወደቀ። ብዙ ገበሬ መልካም ምርት አግኝቶም የማዳበሪያውን ዕዳ ለመክፈል አልቻለም። ቀጥሎም ዝናብ አጠረ። ያልተከፈለው ዕዳ በዋሱ በክልሉ በጀት ላይ ወደቀ፤ ገበሬውም ዕዳውን ለመክፈል ከብት እስከ መሸጥ ደረሰ። ከዚያ በኋላ በብዙ ቦታ ማዳበሪያ በእጅ በእጅ ክፍያ እንዲሸጥ ተደረገ፤ ይህም አቅም የሌለውን ገበሬ ጎዳ። በኋላም ብድሩ በአነስተኛ ብድር ተቋማትና በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል፣ በአንዳንድ ቦታ በቫውቸር፣ እንዲሰጥ ተሞከረ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በዚያን ጊዜ የከሸፈው የምርት ዘዴው አልነበረም፤ የከሸፈው የዋጋና የአከፋፈል ዕቅዱ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ስለ ኩንታል ብቻ ሳይሆን ስለ ብርም ማስላት ያለበት ለዚህ ነው።

3. ዛሬ ያሉት መንገዶች

በ1988 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 40 መሠረት የአነስተኛ ብድር ተቋማት ተመሥርተዋል። ከእነዚህ መካከል ትልልቆቹ ወደ ባንክነት ተለውጠዋል፤ የአማራው ፀደይ ባንክ፣ የኦሮሚያው ደግሞ ሲንቄ ባንክ ሆነዋል። እነዚህ ተቋማት የቡድን ዋስትና ይቀበላሉ፤ ይኸውም ጥቂት ጎረቤታሞች አንዱ ለሌላው ዋስ የሚሆኑበት ዘዴ ነው።

በገጠር የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል አባሉ ከቆጠበው ጋር የተመጣጠነ ብድር ያገኛል። ማኅበራቱ የሚተዳደሩት በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው።

ለወጣቶች በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995 የ10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ተቋቁሟል። ገንዘቡ ተዘዋዋሪ በመሆኑ ዛሬ አንዱ ወጣት ሳይመልስ ከቀረ ነገ ሌላው ወጣት ያጣል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ከብት፣ ሰብልና የእርሻ መሣሪያ የመሰሉ ተንቀሳቃሽ ንብረቶች በመያዣነት ተመዝግበው ብድር እንዲያስገኙ ፈቅዷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324ም ባለይዞታው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ለገንዘብ ተቋም በመያዣነት እንዲያቀርብ በር ከፍቷል። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ነገር ግን ያልተከፈለ ብድር መሬቱን ለተወሰነ ዘመን ከእጅ ሊያስወጣ ስለሚችል ለማዳበሪያ መግዣ ወይም ለአንድ ወቅት ሥራ የመሬት መብትን ማስያዝ አንመክርም። ይህን የመሰለው መያዣ ለመስኖ፣ ለፍራፍሬ ተክልና ለመሳሰለው ለብዙ ዓመት ለሚያገለግል ሥራ ቢሆን ይሻላል። የይዞታ ደብተሩ በባልና በሚስት ስም ከሆነ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፤ ሚስት ሳታውቀው የሚፈረም ውል ሊኖር አይገባም።

በሃይማኖቱ ምክንያት ወለድ የማይከፍል ገበሬ ባለበት ቦታ ከወለድ ነፃ አገልግሎት በአቅራቢያው መኖሩን ማጣራት የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ተግባር ነው።

4. የወጣቱና የጀማሪው ልዩ ችግር

ወጣቱ አብዛኛውን ጊዜ መሬት የለውም፤ የቤተሰብ መሬት ያርሳል፣ ወይም በእኩል ይይዛል፣ ወይም ይከራያል። የብድር ታሪክም የለውም፤ ዋስ የሚሆነውም አይገኝም። ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን።

ሀ) በእኩል ወይም በኪራይ የተያዘ መሬት ካለ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤትም ይመዝገብ። የውሉ ዘመን ከብድሩ ዘመን ማጠር የለበትም።

ለ) ከብድሩ በፊት ቢያንስ ለስድስት ወር በማኅበር ይቆጥብ። የቁጠባ ደብተሩ የመጀመሪያ ምስክሩ ነው።

ሐ) ሰፊ መሬት በማይጠይቅ ሥራ ይጀምር፤ ለምሳሌ በግ ማድለብ፣ ዶሮ ማርባት፣ ንብ ማነብ፣ ችግኝ ማፍላት፣ በአነስተኛ መስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ማምረት።

መ) ከዚህ በፊት ያልሠራውን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በብድር ገንዘብ አይሞክር። በመጀመሪያ በራሱ አቅም አንድ በግ አድልቦ ይየው።

5. የስሌት ምሳሌ

አንድ ወጣት 4 በግ ለ90 ቀን ለማድለብ አስቧል እንበል። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለማስሊያ ያህል የተወሰዱ ስለሆኑ በአካባቢው ገበያ ዋጋ መለወጥ አለባቸው።

የ4 በግ መግዣ፣ እያንዳንዱ በ6,000 ብር ........ 24,000 ብር
መኖና መድኃኒት፣ ለእያንዳንዱ 1,200 ብር ........ 4,800 ብር
የ24,000 ብር ብድር ወለድ፣ በዓመት 18 በመቶ፣ ለ3 ወር ........ 1,080 ብር
ጠቅላላ ወጪ ........ 29,880 ብር

እያንዳንዱ በግ በ8,500 ብር ቢሸጥ ገቢው 34,000 ብር፣ ትርፉ 4,120 ብር ይሆናል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሁለት ጥያቄዎች መጠየቅ አለባቸው።

አንደኛ፣ ዋጋው ቢወርድስ? እያንዳንዱ በግ በ7,500 ብር ቢሸጥ ገቢው 30,000 ብር፣ ትርፉ 120 ብር ብቻ ይሆናል። ሁለተኛ፣ አንድ በግ ቢሞትስ? የቀሩት ሦስቱ በ8,500 ብር ቢሸጡም ገቢው 25,500 ብር ስለሆነ 4,380 ብር ኪሳራ ይመጣል። ብዙ በግ ያለው ሰው የአንዱን ሞት ይችለዋል፤ አራት ብቻ ያለው ጀማሪ ግን አይችለውም። በዚህ ምክንያት ጀማሪው ለመጠባበቂያ የሚሆን ቁጠባ ሊኖረው፣ በጎቹም እንደተገዙ የሆድና የውጭ ጥገኛ ተባይ መድኃኒትና ክትባት ሊያገኙ ይገባል።

ጊዜውም ይታሰብ። ከመስቀል በኋላ የበግ ዋጋ ቀለል ሲልና ሣር በሞላበት ወቅት ገዝቶ ለገና ማድረስ ለ90 ቀን ማድለብ ይስማማል። ብድሩ ሳይለቀቅ ዘግይቶ ኅዳር ላይ ቢደርስ ግን ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል። ዘግይቶ የመጣ ብድር ገና ከመወሰዱ በፊት እንደገና ይሰላ፤ ካላዋጣ ይቅር።

6. ስለ ወለድ አቆጣጠር

«18 በመቶ» ማለት ሁልጊዜ አንድ አይደለም። 10,000 ብር ለአንድ ዓመት ተበድሮ 5,000ውን በ6ኛው ወር፣ 5,000ውን በ12ኛው ወር የሚከፍል ገበሬ ወለዱ በመጀመሪያው ብድር ላይ እስከ መጨረሻ ከታሰበ 1,800 ብር ይከፍላል። በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ከታሰበ ግን በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት 900፣ በቀሩት 6 ወራት 450፣ በድምሩ 1,350 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 450 ብር ነው። ስለዚህ ውሉ ከመፈረሙ በፊት «በመጨረሻ በጠቅላላው ስንት ብር እከፍላለሁ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ የአገልግሎት ክፍያና የግዴታ ቁጠባም አብሮ ይቆጠር።

7. የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ተግባር

- ለእያንዳንዱ ተበዳሪ የተለየ መዝገብ ይያዝ፤ ለተከፈለው ሁሉ ደረሰኝ ይሰጥ። ማንበብ ለማይችል አባል ደረሰኙ በምስክር ፊት ይነበብለት።
- የብድር ኮሚቴ አባል በራሱና በዘመዱ ጉዳይ ላይ አይወስን።
- የመክፈያው ቀን ከአዝመራው ጋር ይስማማ። ሁሉም ገበሬ ዕዳ ለመክፈል በታኅሣሥና በጥር በአንድ ጊዜ ሲሸጥ ዋጋ ይወድቃል። ማኅበሩ መጋዘን ካለው እህሉን ተቀብሎ ዋጋ እስኪሻሻል ማቆየት፣ ከአበዳሪው ጋርም የመክፈያውን ጊዜ በሁለት ከፍሎ መዋዋል ይችላል።
- የቡድን ዋሶች እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁና በፈቃዳቸው የተሰባሰቡ ይሁኑ። ስም ለማሟላት ብቻ የተሰበሰበ ቡድን በችግር ቀን ይበተናል።
- ሊከፍል የማይፈልገውና ሊከፍል ያልቻለው ይለይ። በበረዶ፣ በድርቅ ወይም በተባይ የተጎዳ ማሳ በወቅቱ ታይቶ ቃለ ጉባኤ ይያዝለት፤ የመክፈያው ጊዜ እንዲራዘምም ለአበዳሪው ይቅረብ። የማረሻ በሬን አሽጦ ዕዳ ማስከፈል የሚቀጥለውን ዓመት ምርትና ብድር አብሮ ማጥፋት ነው።

8. የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ተግባር

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አስተማሪና አማካሪ እንጂ ዕዳ ሰብሳቢ ባይሆን ይመረጣል። ትናንት ዕዳ ያስከፈለውን ሰው ገበሬው ዛሬ ስለ አዘራር ምክር ሊጠይቀው ይሸሻል። የሠራተኛው ድርሻ ከብድሩ በፊት ከገበሬው ጋር ተቀምጦ ስሌቱን መሥራት፣ በወቅቱ ማሳውንና በረቱን መጎብኘት፣ ችግር ሲታይም ፈጥኖ ለማኅበሩ ማሳወቅ ነው። ስሌቱ ሳያዋጣ ሲቀር «አትበደር» ብሎ መምከርም የሥራው ክፍል ነው። የተሰጠው ብድር ብዛት የሥራ ውጤት መለኪያ መሆን የለበትም፤ ተከፍሎ ለሁለተኛ ጊዜ የተወሰደው ብድር ግን ጥሩ መለኪያ ነው።

ማጠቃለያ

ከመፈረም በፊት አምስት ጥያቄዎች ይመለሱ፦ ሥራው ታውቆ ያውቃልን? ገንዘቡ በወቅቱ ይደርሳልን? ዋጋ ቢወድቅ ወይም ከብት ቢሞት ከምን ይከፈላል? በጠቅላላው ስንት ይከፈላል? ቤተሰቡ ሁሉ ተስማምቷልን? ለአምስቱም መልስ ያለው ወጣት ያለ ስጋት ይበደር። ለአንዱ እንኳ መልስ ካጣ ቆጥቦ አንድ ወቅት ቢጠብቅ ይሻለዋል።