ሚዛን የሚናገረውና የማይናገረው

ባገራችን ልማድ፣ ብዙ ጊዜ ሳይተያዩ የቈዩ ሁለት ወዳጆች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን «ወፈርህ፣ አማረብህ» ቢለው ምስጋና ነው። «ምነው ከሳህ?» ያለው እንደ ሆነ ግን «ታመህ ነበር ወይ?» ማለቱ ነው። ይህ ሰላምታ ከፍቅር የመጣ ነውና አይነቀፍም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚውል ወጣት ሠራተኛና በመጽሐፍ ላይ አቀርቅሮ ለሚያመሽ ተማሪ የወዳጅ ዓይን ብቻውን በቂ መመዘኛ አይሆንም። ስለዚህም ክብደቱን ለመቀነስ የቈረጠ ሰው ወደ ቁጥር ይሄዳል። ከቁጥሮቹም ዋነኛው፣ በፈረንጆች አጠራር ባጭሩ «ቢ ኤም አይ» የሚባለው፣ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝነው ልክ ነው።

ይህን ስሌት ያፈለቀው ሐኪም አልነበረም። አዶልፍ ኬትሌ የተባለው የቤልጅግ ሰው የከዋክብትና የሒሳብ ሊቅ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1830ዎቹ ዓመታት የብዙ ሰዎችን ቁመትና ክብደት አመሳክሮ፣ የጎልማሶች ክብደት ከቁመታቸው ጋር ሳይሆን ቁመታቸው በራሱ ተባዝቶ ከሚገኘው ቁጥር ጋር ተመጣጥኖ እንደሚሄድ ተመለከተ። አሳቡም «መካከለኛ ሰው» ምን እንደሚመስል ለማወቅ እንጂ የማንንም ውፍረት ለመመርመር አልነበረም። በ1972 አንሰል ኪስ የተባለው አሜሪካዊ የሰውነት አሠራር ተመራማሪና ባልደረቦቹ ለዚሁ ስሌት ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጡት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቁመት በሜትር ተለክቶ በራሱ ይባዛል፤ ክብደት በኪሎ ተመዝኖ ለዚያ ብዜት ይካፈላል። ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 84 ኪሎ የሆነ አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ አለ እንበል። 1.70 በ1.70 ሲባዛ 2.89 ይሆናል፤ 84 ለ2.89 ሲካፈል 29 ያህል ይወጣል። የዓለም የጤና ድርጅት ለጎልማሶች ባወጣው መደብ ከ18.5 በታች ክሳት፣ ከ18.5 እስከ 24.9 ደኅና፣ ከ25 እስከ 29.9 ከልክ ያለፈ ክብደት፣ 30ና ከዚያ በላይ ደግሞ ብርቱ ውፍረት ይባላል።

እንግዲህ የብዙ ሰው ተስፋ የሚቈረጠው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊያችን ከ25 በታች ለመውረድ 12 ኪሎ ያህል መቀነስ አለበት። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ቢቀንስ፣ አንዲቱን ነጥብ ዝቅ ለማድረግ ብቻ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ሁለት ወር ታግሎ 4 ኪሎ ቢጥል ቁጥሩ 27.7 ይሆናል፤ መደቡ ግን ያው «ከልክ ያለፈ» የሚለው ነው። በዚህን ጊዜ «ድካሜ ሁሉ ከንቱ ሆነ» ብሎ ወደ ቀድሞ አበላሉ ቢመለስ አይገርምም።

ዳሩ ግን ድካሙ ከንቱ አይደለም። ውፍረት የበዛበት ሰው ከክብደቱ ከመቶ 5 እስከ 10 እጅ የቀነሰ እንደ ሆነ፣ የደሙ ግፊትና የደሙ ስኳር ብዙውን ጊዜ ይሻሻላሉ። በ2002 በአሜሪካ ውጤቱ የታተመ አንድ ታላቅ ጥናት ይህንን በግልጥ አሳይቷል። በጥናቱ የገቡት ከ3,000 በላይ ሰዎች የደማቸው ስኳር ከፍ ያለ፣ ነገር ግን ገና የስኳር በሽተኞች ያልሆኑ ነበሩ። ከእነርሱም መካከል ክብደታቸውን ቢያንስ ከመቶ 7 እጅ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ የታዘዙት፣ መድኃኒትነት የሌለው ኪኒን ከተሰጣቸው ይልቅ በስኳር በሽታ የመያዛቸው ነገር ከመቶ 58 እጅ ቀነሰ። ለጸሐፊያችን ከመቶ 7 እጅ ማለት 6 ኪሎ ያህል ነው፤ ቁጥሩም 27 ላይ ይቆማል። መደቡ ሳይለወጥ ጤናው ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ይህ ቁጥር ስብን ከጡንቻ ለይቶ አያውቅም። አካሉን በሥራና በስፖርት ያጠነከረ ሰው ስብ ሳይኖርበት ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ክብደት ለመቀነስ ስፖርት የጀመረም ሰው ስቡ እየቀለጠ ጡንቻው ሲዳብር፣ ሚዛኑ ባለበት ቆሞ ሱሪው ይሰፋዋል። ቁጥሩ ስቡ የት እንደ ተከማቸም አይናገርም፤ ይበልጥ የሚያስፈራው ግን በሆድ ዙሪያ የሚሰበሰበው ነው። ስለዚህ ልብስ ሰፊዎች የሚይዙት ሜትር ከሚዛን ጋር ሊቀመጥ ይገባል። በተለመደው መለኪያ የወገብ ዙሪያ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ለነፍሰ ጡሮች የጎልማሶች መደብ አያገለግልም፤ ሕፃናትም በዕድሜያቸውና በጾታቸው የተዘጋጀ ሌላ መለኪያ አላቸው።

ቁጥሩን በትክክል ለመያዝ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጧት ምንም ሳይበሉ፣ ቀለል ያለ ልብስ ለብሶ፣ በዚያው በአንዱ ሚዛን መመዘን ይበቃል። በየቀኑ መመዘን አንዳንዱን ሰው ያስጨንቀዋል፤ ሰውነት የሚይዘው ውሃ ብቻ ክብደትን በአንድና በሁለት ኪሎ ከፍና ዝቅ ያደርጋልና፣ በበዓል ማግስት የታየ ጭማሪ ሁሉ ስብ አይደለም። ቁመትም ጫማ ወልቆ በደንብ ይለካ፤ በ2 ሳንቲ ሜትር የተሳሳተ ሰው ሁለት ኪሎ ያህል ራሱን ያታልላል። ስሌቱን ግን በወር አንድ ጊዜ ሠርቶ ከወገብ ልክ ጋር በደብተር መጻፍ፣ የአንድ ቀንን ሳይሆን የብዙ ወራትን ጕዞ ለማየት ይረዳል።

የወዳጅ ሰላምታም ቢሆን ፈጽሞ አይናቅ። አስቦና ደክሞ የቀነሰ ሰው «ከሳህ» ሲባል ደስ ይበለው። ሳያስበው ክብደቱ የወረደ ሰው ግን ቁጥሩ «ደኅና» ቢለውም እንኳ ወደ ሐኪም ይሂድ። ሚዛን የሚነግረን ስንት እንደሆንን ነው፤ ለምን እንደ ሆንን መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው።