የጅማው መንገድ ሲታሰብ እግረኛው አይዘንጋ

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

የዓለም ባንክ ሰፈር ነዋሪና የመንግሥት ሠራተኛ እንደ መሆኔ፤ ይህችን አሳቤን በዓምድዎ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ከአያት ተነሥቶ ጦር ኃይሎች ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ግን ከአየር ጤና እስከ ዓለም ገናና ሰበታ ቤት ከቤት ተያይዟል፤ ጧት ወደ መሀል ከተማ የሚገባውም ሕዝብ በጅማው መንገድ ላይ ይጠራቀማል።

መንገዱ ይስፋ ቢባል አልቃወምም። ዳሩ ግን የሰፋው ሁሉ ለግል መኪና ከተተወ፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ መጨናነቁ መመለሱ አይቀርም። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ እ.ኤ.አ. በ2000 ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መስመር ከፍታ ብዙ ሕዝብ ታመላልሳለች። እኛም አንዱን ረድፍ ብንከልል መልካም ነው።

በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ስለሆኑ፤ የእግረኛ መንገድና ማቋረጫ ከመጀመሪያው በፕላኑ ይግባ። የውሃው ቧንቧና የስልኩ መስመርም አስፋልቱ ሳይነጠፍ ይቀበር፤ የተነጠፈው ተመልሶ ሲቆፈር የሚባክነው የሕዝብ ገንዘብ ነውና።

ሠራተኛው በታክሲ ሰልፍ ሲያረፍድ፤ ባለጉዳዩም ደጅ ሲጠና ይውላል። የሚመለከታቸው ክፍሎች እንዲያስቡበት በአክብሮት አሳስባለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከኮልፌ ቀራንዮ