ተጨማሪ መረጃ፦ ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 እንደተጻፈው፣ በበዓለ ሃምሳ ዕለት በኢየሩሳሌም የተሰበሰቡት ሰዎች ቋንቋቸውን እንዲተዉ አልተጠየቁም። እያንዳንዳቸው የእግዚአብሔርን ሥራ በተወለዱበት አገር ቋንቋ ሰሙ። ቤተ ክርስቲያን ከመጀመሪያው ቀን የብዙ ቋንቋዎች ቤት ነበረች ማለት ነው።

በአገራችን ይህን እውነት በድካማቸው ካሳዩት መካከል ኦኔሲሞስ ነሲብ አንዱ ናቸው። በልጅነታቸው ለባርነት ተሽጠው በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነጻ ወጡ፤ እዚያው አቅራቢያ በእምኩሉ ከሚገኙት የስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድ ተማሩ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ሲጀምሩ ግን ከባድ እንቅፋት ገጠማቸው፤ ከወገናቸው የተለዩት ገና ልጅ ሳሉ ስለነበር የቋንቋው ጥልቀት በእጃቸው አልነበረም። ይህን ክፍተት የሞሉት እንደ እርሳቸው ከባርነት ነጻ የወጡት አስቴር ጋኖ ናቸው። አስቴር የኦሮምኛ ቃላትን ሰበሰቡ፤ በቃል የሚያውቋቸውን ተረቶችና ዘፈኖችም በጽሑፍ አሰፈሩ። የአስቴር ድርሻ ብዙ ጊዜ በአጭሩ ይታለፋል፤ ያለ እርሳቸው እውቀት ግን ትርጉሙ ለሕዝቡ ጆሮ ባዕድ በሆነ ነበር።

አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 እ.ኤ.አ. በግዕዝ ፊደል ታተመ። ኦኔሲሞስና አስቴር በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ወለጋ ሄደው በኦሮምኛ ማስተማር ጀመሩ።