ተጨማሪ መረጃ፦ የዕረፍት ወራት ሥራና የወጣቶች ደኅንነት

ወጣቶችን ከወንጀልና ከጥቃት ለመጠበቅ ሲባል ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታሰበው ቁጥጥርን ማጥበቅ ነው። በአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማ የተደረገ ጥናት ግን የማኅበረሰቡ ድርሻ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓመፅ ከበረታባቸው 13 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ 1,634 ተማሪዎች በዕጣ ተደለደሉ። ዕድሉ የደረሳቸው በትምህርት ዕረፍት ለ8 ሳምንታት ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ አገኙ፤ የሚያማክራቸውና የሚከታተላቸው አዋቂም ተመደበላቸው። በ16 ወራት ውስጥ በዓመፅ ወንጀል መያዛቸው፣ ዕጣው ካልወጣላቸው ጋር ሲነጻጸር፣ በ43 በመቶ ቀነሰ።

“ሥራው ለጊዜው ከመንገድ ስላራቃቸው ነው” የሚል ሊኖር ይችላል። ተገቢ ጥርጣሬ ነው፤ ሆኖም ለውጡ በአብዛኛው የታየው ሥራው ካበቃ በኋላ ነው። “ገንዘብ ስላገኙ ነው” እንዳይባልም፣ ያ ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ መቀነስ የነበረበት ስርቆት ነው፤ በስርቆት ላይ ግን ይህን የመሰለ ለውጥ አልተመዘገበም። ስለዚህ ወጣቶቹ ከሥራው ይዘው የወጡት ከደመወዝ የበለጠ ነገር ነው፤ በእኔ ግምት፣ ከሰው ጋር ሲጋጩ ቁጣን መግታትና ከአዋቂ ጋር ተመካክሮ መወሰን ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ቀበሌም ሆነ ማኅበር፣ በጀት ሲያጥረው አማካሪውን አይቀንስ።